የእማማ የአንገት ጌጥ፦ ከታኅሣሥ እስከ ጥምቀት

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ

ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረገፈው ይሄ ነው። አንድ ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ ማንጠልጠያ ጆሮ ያለው። አንድ የብር መስቀል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል። 1936 የሚል የታተመበት የድሮ ሽልንግ፣ ያ የብሩ። የወታደር ካፖርት የነሐስ ቁልፍ። አንድ ዛጎል። ድሮ ሕፃን እግር ላይ ይታሰር የነበረ ትንሽ ቃጭል። በፌስታል የተቋጠሩ ቢጫ ጨሌዎች፣ «አምበር ናቸው» የተባሉ።

የዚህ ሁሉ ባለቤት እማማ ናቸው። ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንዲህ ነው፤ አንዴ ጌጥ እንደምትሠሪ ከታወቀ ብሎኩ በሙሉ የተበጠሰ ሐብል ይዞ በርሽን ያንኳኳል። እማማ ግን የተበጠሰ ነገር አልነበረም ያመጡት። ዕድሜ ልካቸውን መሀረብ ውስጥ ቋጥረው ያኖሩትን ነው።

«ልጄ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሰክተሽ ለጥምቀት አድርሺልኝ። አንድም እንዳይወድቅብኝ ታዲያ።»

ሽልንጉ ቀዳዳ የለውም። «እማማ፣ በትራፓኖ ትንሽ ብበሳው ይከፋዎታል?» አልኳቸው።

«ብትበሺው አንቺን ነው የምበሳሽ።»

ሕጉ ከመጀመሪያው ታወቀ ማለት ነው። አይበሳም። ማጣበቂያም አይነካውም፤ እሱን እኔ ጨመርኩ። ምክንያቱም ሽልንጉ ጀርባ ላይ ነጭ የደረቀ ነገር አለ። ሱፐር ግሉ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ውስጥ ቀለበት ለጥፈውበት ነበር። ወር አልቆየም። ቀለበቱ አንገታቸው ላይ ቀርቶ ሽልንጉ ከመቀነታቸው እጥፋት ተገኘ። አይገርምም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድርቅ ያለ፣ መተጣጠፍ የማያውቅ ነገር ነው። ቀጥ ብሎ ሲሳብ ይችላል። ከጎን ሲመታና ሲጠመዘዝ ግን ከለሰለሰ ብረት ላይ ልጥ ብሎ ይነሳል። የሚንጠለጠል ጌጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራው መመታትና መጠምዘዝ ነው።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት በድሮ የጥርስ ብሩሽ ፈግፈግ ሲደረግ ለቀቀ። እናንተም ብትሞክሩ፣ ጨሌ ነገር ከአሴቶን አጠገብ አታድርሱ። የሙጫ ዘር የሆነውን ፊቱን ሊያበላሸው ይችላል።

ሰኞ ማታ

ቢጫዎቹን ጨሌዎች ፈተንኩ። ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ፣ ከዚያ አልሟሟም እስኪል ድረስ ጨው። እውነተኛ አምበር ቀላል ስለሆነ በዚህ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ከባዱ የፋብሪካ ማስመሰያ ይሰምጣል። ጥቂቶቹ ተንሳፈፉ። የሚበዙት ሰመጡ። ለእማማ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ ብዬ አመሸሁ። ስነግራቸው «የሰመጡትንም የሰጠችኝ እናቴ ናት» አሉና ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ አዞሩት።

ለእኔ የሚጠቅመኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ዓይነት እሳት አይወዱም። ስለዚህ የሚበየድ ነገር ካለ፣ አንድም ጨሌ ክር ላይ ሳይገባ ተበይዶ ማለቅ አለበት።

የጨሌዎቹን ቀዳዳ በባትሪ አየሁ። አንዳንዱ አፉ ላይ ስንጥር አለው፣ በጣት ሲነካ ይቧጥጣል። ሰው ክር በክብደት የሚበጠስ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ክርን የሚበጥሰው የራሱ የጨሌው ቀዳዳ ነው፣ በየርምጃው እየገዘገዘ። ስቴኪኒ ላይ ስስ የብርጭቆ ወረቀት ጠምጥሜ፣ ውሃ ነክሬ፣ የእያንዳንዱን አፍ አሻሸሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። መብራት ስለሄደ ግማሹን በሻማ ጨረስኩት።

ረቡዕ

የዛሬው ሥራ የቀለበት ነው። ጌጥ ላይ ትንሿ የሽቦ ቀለበት ማንም ልብ የማይላት ናት። ዕቃ ሲጠፋ ግን ጥፋቱ የእሷ ነው።

ለሙከራ መዳብ ይበቃኛል። አዲስ ቤት የሚጨርሱ ኤሌክትሪሻኖች ሰፈሩን ሞልተውታል። ቁርጥራጭ ሽቦ ለምኜ አመጣሁ፣ 1.5 የሚሉትን። ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የውፍረት ቁጥር አይደለም። ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር። ውፍረቱን ከፈለጋችሁ 1.38 ሚሊሜትር ነው። የ2.5ቱ ደግሞ 1.78 ነው። ለቀለበት ሽቦ ስትመርጡ ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሽቦውን ልጬ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን እንዳለ ተውኩ። ግማሹን አንድ ጫፉን ሞርሳ ላይ አስሬ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዤ እስኪረዝም ድረስ ጎተትኩት። መዳብም ብርም ሲጎተት፣ ሲመታ፣ ሲጠመዘዝ ይጠነክራል። እሳት ሲያይ ደግሞ መልሶ ይለሰልሳል። ከዚያ ሁለቱንም ወፍራም ምስማር ላይ ጠመጠምኩና በስስ የብረት መጋዝ ቆረጥኩ። በመቁረጫ ፒንሳ ብትቆርጡት ጫፉ ሾጣጣ ይሆናል። ሾጣጣ ከሾጣጣ አይገጥምም። መጋዝ ግን ሁለቱንም ፊት ጠፍጣፋ አድርጎ ይተዋል።

አከፋፈቱ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ፒንሳ ያዙ። ክፍተቱ ወደ ላይ ይሁን። አንዱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ፣ ሌላውን ወደ ፊት ግፉ። ወደ ግራና ቀኝ ፈልቅቃችሁ ከከፈታችሁት ክብነቱ ይሄዳል፣ ተመልሶም ልኩ አይገጥምም። ስትዘጉ ጫፉን ትንሽ አሳልፉት። መልሱት። እንደገና አሳልፉት። ጫፎቹ ሲተሻሹ ቂጭ የምትል ድምፅ አለች፣ ከጆሮ ይልቅ በጣት የምትሰማ። እሷ ከመጣች ገጥሟል።

ከዚያ ከነጠላዬ ጫፍ አንድ ቀጭን ክር መዘዝኩ። ክሯን መጋጠሚያው ላይ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ነው። ከያዛት ክፍተት አለ። ዓይን የማያየውን ክፍተት ይህች ክር ታገኘዋለች። ደግሞ ለምን የነጠላ ክር? ጥምቀት ላይ ይህን ጌጥ የሚጎትተው ማን ሆነና! የራሳቸው የእማማ ነጠላ፣ ከዚያ አጠገባቸው የቆመችው ሴት ነጠላ።

ማታውን ሁለቱን ቀለበቶች በረንዳው ሽቦ ላይ ሰቀልኩ። ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ በእያንዳንዱ። ያልተጎተተው ለስላሳ ቀለበት ገና ሳልተኛ አፉን መክፈት ጀመረ። የጠነከረው እንደተዘጋ አደረ። ጠዋት ግን ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ በድንገት ስለቀው የጠነከረውም ሳሳ ያለ ክፍተት አሳየ። ቀስ ብሎ የሚከብድ ነገርና ድንገት የሚነጥቅ ነገር ለየቅል ናቸው። ማርትሬዛው የሚንጠለጠልበት ቀለበት መበየድ አለበት። ቀላል ለሆኑት ደህና የተዘጋ ቀለበት ይበቃል።

ዓርብ

ወንድሜ የኔን ፍለጋ አይቶ «እኔ ጋ ሊድ አለ፣ አሁን ልበይድልሽ» አለ። ቴሌቪዥን ይጠግናል። ልቡ ደግ ነው ግን አይሆንም። የኤሌክትሮኒክስ ሊድ በ200 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ለስላሳ ነገር ነው፤ ለመብራት ማስተላለፊያ እንጂ ለክብደት መያዣ አልተሠራም። እርሳስ ካለበት ደግሞ ቆዳ ላይ አይውልም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ነገ ለሚመጣው ብር ሠሪ የምታስቀምጡለት ዕዳ ነው። እርሳስ የነካው ብር በኋላ ኃይለኛ እሳት ሲያይ ፊቱ ይበሳሳል። ብር በብር ብየዳ፣ በቦራክስ ነው የሚበየደው፣ ብየዳው እንዲፈስ በሚረዳው ዱቄት። አለቀ።

ቅዳሜ፣ መርካቶ

ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ። መጀመሪያ ምናለሽ ተራ ገብቼ ስስ ሞረድ አገኘሁ፣ የሰዓት ሠሪ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወደማውቃቸው ብር ሠሪ።

ማርትሬዛው ላይ ቆየን። እኔ ቤት ሳለሁ በካሊፐር ለክቼው ነበር። የጆሮው ጎን 1.8 ሚሊሜትር ነው። አናቱ፣ ቀለበት የሚያርፍበት ቦታ፣ 0.7 ቀርቶታል። የስንት ዓመት ክር ነው የበላው። ብሩ ራሱ 28 ግራም ነው። ያን ሁሉ የያዘው ያ 0.7 ነው።

ብር ሠሪው ቶሎ ብለው «ጆሮውን አንስቼ አዲስ ልበይድበት» አሉ። ይቻላል። ግን ለመበየድ ሳንቲሙ በሙሉ መጋል አለበት፣ 28 ግራም ብር በአንድ ጎኑ ብቻ አይግልም፤ ሙቀቱን ወዲያው ወደ ሁሉም ይበትነዋል። ሲወጣ የእማማ ማርትሬዛ አይሆንም። በፊቷ እጥፋት፣ በፀጉሯ ላይ የተቀመጠው ጥቁረት ይጠፋል። ለገበያ ቢሆን ግድ የለኝም። ማርትሬዛ እንደሆነ ሁሉም 1780 ነው የሚለው፣ ንግሥቲቱ ከሞቱበት ዓመት ጀምሮ በዚያው ቁጥር ሲታተም ኖሯል፤ ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮምም ለንደንም ቦምቤይም። ሌላ ቦታ ሌላ ይገኛል። ያ ጥቁረት ግን የእናታቸው ደረት ላይ የመጣ ነው።

ተነጋግረን ክፈፍ ላይ ተስማማን። ሳንቲሙን የሚዞር ስስ የብር ቀበቶ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ አራት ጥፍሮች ያሉት። አዲሱ ጆሮ የሚበየደው ክፈፉ ላይ ነው፣ ባዶውን ሳለ። ሳንቲሙ እሳቱን ሳያይ በመጨረሻ ይገባል፣ ጥፍሮቹ ይታጠፋሉ። ነገ ማውጣት ቢፈልጉ ጥፍሮቹን ቀና ማድረግ ነው። አንድ ነገር አስጠነቀቅኳቸው። የማርትሬዛ ጠርዝ ባዶ አይደለም፣ ዙሪያውን ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደሎች አሉት። ክፈፉ በመዶሻ ተጠብቆ ቢገባ ይጨፈለቃሉ። ስለዚህ ቀበቶው ላላ ይላል፣ የሚይዙት ጥፍሮቹ ናቸው። አሮጌው ጆሮ ባለበት በኩል ደግሞ ክፈፉ ክፍት ይሆናል።

ለሽልንጉም ያው ክፈፍ፣ ባለ ሦስት ጥፍር። 7 ግራም ብቻ ስለሆነ አይከብድም። 1 ሚሊሜትር የብር ሽቦም አስጎትቼ ወሰድኩ፣ ለቀለበቶቹ።

ገና ሲቃረብ፣ ማክሰኞ

ክፈፎቹ መጡ። የማርትሬዛዋን ጥፍሮች ራሴ አጠፍኩ፣ በየተራ ሳይሆን በሰያፍ። ላይ ግራ፣ ታች ቀኝ፣ ላይ ቀኝ፣ ታች ግራ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ሳንቲሙ ይሸሻል። የጥፍር ጫፍ በሞረድ ካልተለሳለሰ ነጠላ ይይዛል፤ የነጠላዬን ክር አመላለስኩበት፣ አንዱ ያዘ፣ ደግሜ ሞረድኩት።

አሮጌውን ጆሮ ሥራ አላሳጣሁትም። ከእሱ ወደ ዋናው ክር ትንሽ ቀለበት አስገባሁ፣ ላላ ያለች። ቀን በቀን ክብደት አትሸከምም። ክፈፉ አንድ ቀን ቢከዳ ግን ማርትሬዛው መሬት አይደርስም።

ቁልፉ ቀላል ነበር። ከጀርባው የራሱ ዐይን አለው፣ ነሐስ። በደንብ ነካክቼ አየሁት፣ አይወዛወዝም። ድርብ ቀለበት አስገብቼ አለፍኩ።

ዛጎሉ ነው ያስቸገረኝ። ጀርባው ድሮ ተሞርዶ ተከፍቷል፣ እንደማንኛውም የጌጥ ዛጎል። ክር በጀርባው ገብቶ በጥርሶቹ መሀል ይወጣል። ችግሩ የተሞረደው ጠርዝ ስለት ነው። ብረት ቀለበት ባስገባ ደግሞ ዛጎሉ ራሱ ይሸራረፋል። ስለዚህ ክር መሆን አለበት፣ ግን የተጠበቀ ክር። በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ መርፌ ላይ ጠምጥሜ የስፕሪንግ ቱቦ አወጣሁ፣ ክሩን በዚያ ውስጥ አሳልፌ አስገባሁት። ጠርዙ የሚያገኘው መዳቡን ነው። ክሩን በሰም አሽቼ ሁለት ዙር አመላለስኩና ቋጠርኩ። ቢሆንም ዛጎሉን አላምነውም። ከሁሉም ቀድሞ ክር የሚጠይቅ እሱ ይሆናል።

ከገና በኋላ፣ ሐሙስ

ድርደራ። እኔ መስቀሉን ከማርትሬዛው ሥር በመሀል አስቤው ነበር፣ ለዓይን ያምራል። እማማ ሊያዩ ወጡና ፊታቸው ተለወጠ።

«መስቀል ከፈረንጅ ሴትዮ ሥር? ኧረ በስማም በይ!»

መስቀሉ ማተባቸው ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ለብቻው ሆነ። ከሥራውም አንፃር የተሻለ ነው። ለብቻው ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይጋጭም፣ ሐብሉ ቢበጠስም መስቀሉ አንገት ላይ ይቀራል።

ቀሪው ሚዛን ነው። ማርትሬዛው መሀል ታች። ሽልንጉ ከነክፈፉ በአንድ ወገን፣ ቁልፉና ዛጎሉ በሌላው። አንዱ ወገን ከከበደ ጌጡ ቀኑን ሙሉ እየዞረ የማጅራቱ መጋጠሚያ ደረት ላይ ይመጣል። ክሩን መሀል ላይ በጣቴ አንጠልጥዬ፣ ጨሌዎቹን ከወዲህ ወደዚያ እያዛወርኩ እስኪስተካከል ሞከርኩ።

ዋናው ክር ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የናይለን ክር ነው፣ ተደርቦ። ናይለን ሲከብደው ይረዝማል። ስለዚህ ከመደርደሬ በፊት ጠርሙስ ሰቅዬበት አሳደርኩት፣ የሚረዝመውን ቀድሞ ይርዘም ብዬ። በየጨሌው መሀል ቋጠሮ አለ። ቋጠሮ ሲባል ጌጥ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ክሩ ቢበጠስ የሚያመልጠው አንድ ጨሌ ብቻ መሆኑ ነው። ቀለበት በተንጠለጠለበት ቦታ ሁሉ ግራና ቀኙ ደርበብ ያለ ቋጠሮ አደረግኩ። ቀለበቱ አይንሸራተትም፣ ብረቱም ጨሌውን አይፍቅም። አምበር በጣም ለስላሳ ነገር ነው። የክፈፍ ጠርዝ በቀላሉ ይጭረዋል።

እሑድ

አሁን ሰው የሚከራከረኝ ነገር። ይህን ሁሉ አጠንክሬ ስሠራ አንድ ቦታ ላይ ሆን ብዬ አድክሜዋለሁ፣ ከማጅራት በኩል። ሁለቱን የሐብሉን ጫፎች የሚያገናኘው ተራ የስፌት ጥጥ ክር ነው፣ ደረብ ደረብ ተደርጎ። እማማ ቤት ሁለት ዓመት የሆነው አንድ የልጅ ልጅ አለ፣ ያገኘውን ይዞ የሚንጠለጠል። ጥምቀት ላይ ደግሞ ግፊያ አለ። የሆነ ነገር ሲጎትት አንድ ነገር መላቀቅ አለበት። ያ ነገር የእማማ አንገት እንዲሆን አልፈልግም። ሽልንጉ እንዲሆንም አልፈልግም። 10 ሳንቲም የማያወጣ ክር ይሁን።

በጠርሙስ ሞከርኩት። ባለ 2 ሊትሩን ቻለ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ስሰቅልበት ተበጠሰ። የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ሁሉም ነገር በቋጠሮና በተዘጋ ቀለበት ለየብቻው ስለተያዘ፣ ማጅራቱ ሲበጠስ አንድም ዕቃ አልተንጠባጠበም። ሐብሉ እንዳለ እጅ ላይ ቀረ።

እኅቴ «ሰው ከፍሎሽ የሚበጠስ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። አዎ።

ጥር 9

ልኬት። እማማ ለበሱት፣ መስታወት ፊት ቆሙ፣ ትከሻቸውን አንዴ ነቅነቅ አደረጉ። ቃጭሉ ጮኸ። ሳቁ። ከዚያ ቆጣ አሉ።

«ይሄማ ቅዳሴ ላይ ያዋርደኛል።»

«ውስጡን ጥጥ ልሰንቅለት?»

«የልጄን ቃጭል አፉን ልትይዢው?»

እንግዲያውስ የሚወልቅ ይሁን። የተበየደውን ቀለበት ትቼ የሐብል መቆለፊያ ዓይነት፣ በስፕሪንግ የሚዘጋ ትንሽ መንጠቆ አደረግኩለት። የዚህ ዓይነት መንጠቆ ድክመቱ የምትጫነው ምላሱ ናት፤ ነጠላ ገብቶ ሊከፍታት ይችላል። ስለዚህ ቃጭሉን ከመንጠቆው በተጨማሪ በአጭር ክር ከቀለበቱ ጋር አሰርኩት። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ክሩን ፈትተው፣ ቃጭሉን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ይከታሉ።

ጥር 13

ጌጡ ተመልሶ መጣልኝ፣ ለፍተሻ። ከተራም ጥምቀትም ውሎበታል። የነጠላዋን ክር ይዤ ሁሉንም መጋጠሚያ አየሁ። የማርትሬዛው ጥፍሮች እንደታጠፉ ናቸው። የሽልንጉም። ድርብ ቀለበቱ ላይ ትንሽ ጭረት አለ፣ ከነሐሱ ጋር ሲተሻሽ የመጣ፤ ምንም አይደለም። የማጅራቱ ክር አዲስ ነው። የልጅ ልጅየው እንደ ሙሽራ ታቅፎ ሳለ ጎትቶ በጥሶት፣ እማማ እዚያው ቆመው በራሳቸው መርፌና ክር ቋጥረውታል። ከእኔ ይልቅ ቀጭን አድርገው ነው የቋጠሩት። ደረብ አደረግኩት።

የመንጠቆዋ ምላስ ላይ የነጠላ ጭራ ተጠምጥሞ አገኘሁ። አልከፈታትም፣ ግን ሊከፍታት ነበር። ምላሷ ወደ ልብሱ ሳይሆን ወደ ጨሌው እንድትዞር አድርጌ መልሼ ገጠምኳት።

የዛጎሉ ክር ከመዳቡ ቱቦ መውጫ ላይ መፍተል ጀምሯል። እስከ ፋሲካ ይቆያል። ለበዓሉ ሳምንት ሲቀረው እቀይረዋለሁ፣ ቱቦውንም ትንሽ አስረዝመዋለሁ።